«ደንከርክ» ለምን አልጣመኝም? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባለፈው ወር ድሬዳዋ፣ ከዚራ ባለው ግቢያችን ግድግዳ ላይ ነጭ አንሶላ ወጥረን «ደንከርክ» የተባለውን የጦርነት ፊልም አየን። ዐሥራ አራት ሰዎች ነበርን። ሲያልቅ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ፤ ፊልሙን የመረጥኩትም ለሳምንታት ያወራሁለትም እኔ ነበርኩና። «አልጣመኝም» አልኩ። ከዚያ ምሽት ወዲህ ሻይ ቤት የሚያገኘኝ፣ ባጃጅ ውስጥ የሚገጥመኝ፣ ለቅሶ ቤት ጎኔ የሚቀመጥ ሰው ሁሉ ያንኑ ይጠይቀኛል። ለእያንዳንዱ ከመመለስ አንድ ጊዜ ጽፎ መገላገል ይሻላል። ዓመተ ምሕረቱ የፈረንጅ ነው ካላልኩ በቀር በእኛ አቆጣጠር ነው። ፊልሙን ያላየ ሰው ደግሞ መጨረሻውን እዚህ እንደሚያገኘው አውቆ ያንብብ።

ፊልሙ ስለ ምንድን ነው?

ደንከርክ በሰሜን ፈረንሳይ ያለች የወደብ ከተማ ናት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጀመሪያ የጀርመን ጦር ፈረንሳይን ወርሮ የእንግሊዝንና የፈረንሳይን ወታደሮች እያባረረ ከባሕሩ ጋር አጣበቃቸው። ከግንቦት 18 እስከ ግንቦት 27 ቀን 1932 ድረስ ከ338 ሺህ በላይ ሰዎች በጦር መርከብ፣ በዓሣ ማስገሪያና በመዝናኛ ጀልባ ሳይቀር ተጭነው ወደ እንግሊዝ ተሻገሩ። ክሪስቶፈር ኖላን ይህንኑ ፊልም አድርጎ በሐምሌ 2009 ለሕዝብ አቀረበው። ርዝመቱ አንድ ሰዓት ከአርባ ስድስት ደቂቃ ነው። ለጦርነት ፊልም አጭር ነው፤ ይህንን አመሰግናለሁ።

ያን ያህል የተወደሰ ነው?

ነው። ለስምንት ኦስካር ታጭቶ ሦስቱን ወሰደ፤ አንዱን በፊልም ቅንብር፣ ሁለቱን በድምፅ ሥራ። በእርግጥም ቅንብሩና ድምፁ የሚያስቀና ነው። ነገር ግን ዕጩ የሆነባቸውን ስምንቱን ዘርፎች አንድ በአንድ ብታዩ የፊልም ጽሑፍ የለበትም፤ ትወናም የለበትም። ይህን ያወቅኩት ፊልሙን ካየሁ በኋላ ነው። ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ምን እንደምጠብቅ እረዳ ነበር።

ታዲያ ምኑ ነው ያልጣመህ?

ነገሩን የገለጡልኝ ጎረቤታችን ሃምሳ አለቃ ናቸው። ሰፈር ውስጥ በማዕረጋቸው ብቻ ነው የምንጠራቸው። ካራማራ ላይ የተዋጉ ሰው ናቸው።

ፊልሙ ሲጀምር ጥቂት የእንግሊዝ ወታደሮች ጭር ባለ ጎዳና ላይ ይሄዳሉ። ከሰማይ ወረቀት ይዘንባል፤ «ከብበናችኋል» የሚል የጀርመኖች በራሪ ወረቀት ነው። ተኩስ ይከፈታል። ሌሎቹ ይወድቃሉ፤ አንድ ለጋ ልጅ ብቻ አጥር ዘልሎ ያመልጣል። እስከ መጨረሻው የምንከተለው በዋናነት ይህን ልጅ ነው። ሃምሳ አለቃ ሃያ ደቂቃ ያህል ዝም ብለው አዩና ወደ እኔ ዘንበል ብለው «ይህ ልጅ የማን ልጅ ነው?» አሉኝ።

«አልተነገረም።»

«አገሩስ?»

«እሱም አልተነገረም።»

«ስሙ ማን ነው?»

የተዋናዮቹን ዝርዝር አስታውሼ «ቶሚ» አልኳቸው። ቶሚ ግን እንግሊዞች ተራውን ወታደር ሁሉ በጅምላ የሚጠሩበት ስም ነው። እኛ «ወታደሩ» እንደምንለው ማለት ነው። ይህንንም ነገርኳቸው። መልሰው አልጠየቁኝም፤ የባቢሌ ለውዛቸውን መፈልፈል ቀጠሉ።

እኛ አገር የጦርነት ወሬ ከስም ይጀምራል። ፎካሪው «ዘራፍ» ብሎ ሲነሣ የአባቱን ስም ይጠራል፤ ፈረስ ያለው የፈረሱን ስም ይጨምራል። አልቃሿም ሟቹን የምታነሣው በእናቱ፣ በወንዙና በቤቱ ነው። ኖላን ይህንን ሁሉ ሆን ብሎ ጥሎታል። እናቱን የሚያስታውስ፣ የእጮኛውን ፎቶ ከኪሱ የሚያወጣ ወታደር በብዙ የጦርነት ፊልሞች ሰልችቶናልና ዳይሬክተሩ ቢሸሸው አልፈርድበትም። ከሰለቸው ነገር ሲሸሽ ግን ሰውየውንም አብሮ ጣለው። ፊልሙን ሳይ ልቤ ሲመታ ነበር፤ አንጀቴ ግን አልተላወሰም። አንድ ሰው ውኃ ውስጥ ሲሰምጥ «ውይ» እላለሁ፤ ማን እንደሰመጠ ግን አላውቅም።

ጦርነት ውስጥ ስም የሚጠይቅ አለ እንዴ? እውነታው ይኸው አይደለም?

በጣም የሚያስቸግረኝ ጥያቄ ይህ ነው፤ ስለዚህ ለሃምሳ አለቃ አስተላለፍኩት። ሳቁብኝ። ምሽግ ውስጥ መጀመሪያ የሚጠየቀው «የየት አገር ሰው ነህ?» ነው አሉ፤ ስም ከዚያ ይከተላል። ከዚያም ወደ ቤታቸው ገብተው አንድ ኮዳ ይዘው መጡ። ጨርቁ አልቆ ብረቱ ብቻ የቀረ የውኃ ኮዳ ነው። ጎኑ ላይ በሚስማር የተጫረ ስም አለ፤ የመጨረሻው ፊደል አንድ እግር ጎድሎታል። ሚስማሩ የተውሶ ስለነበረ ስሙ ሳያልቅ ባለቤቱ ወሰደው። «ኮዳ ይቀያየራል፤ ሰው ይቀያየራል፤ ስለዚህ ሁላችንም ስማችንን ጫርን» አሉኝ። በኮዳው ላይ ያለው ስም ግን የእሳቸው አይደለም። የማን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም፤ እሳቸውም አልነገሩኝም።

የስም ነገር እያነሣሁ የእሳቸውን ስም መደበቄ እንደሚያስቅ አውቃለሁ። የከለከሉኝ ራሳቸው ናቸው።

ጀርመኖቹ የት አሉ?

የሉም። ጥይታቸው፣ ቦምባቸው፣ አውሮፕላናቸው አለ፤ ፊታቸው የለም። መጨረሻ ላይ አብራሪውን ሲማርኩት እንኳ የሚታዩት ደብዘዝ ብለው ነው። ብዙ ሰው ይህን እንደ ጉድለት ያነሣዋል፤ እኔ ግን ከወደድኳቸው ነገሮች አንዱ ነው። በነሐሴ 1969 የሶማሊያ ጦር ድሬዳዋን ሊይዝ ሲሞክር እናቴ ወጣት ነበረች። መድፉን ሰማን እንጂ ተኳሹን አላየንም ትላለች። ለሲቪሉም ሆነ ለተራው ወታደር ጠላት አብዛኛውን ጊዜ ድምፅ ነው።

አንዴ ቀን፣ አንዴ ሌሊት ይሆናል። ፋይሉ ተበላሽቶ ነው?

አይደለም። ፍላሹን ያመጣውን ልጅ ይቅርታ ጠይቁት፤ ሁለት ሰዎች ሰድበውታል።

ፊልሙ ሦስት ታሪኮችን አንድ ላይ ይገምዳል። ወደ ባሕር ዘልቆ በገባው የወደብ ግንብ ላይ ያለው ታሪክ አንድ ሳምንት ይፈጃል፤ በጀልባ የሚሄዱት ሽማግሌና ልጃቸው ታሪክ አንድ ቀን፤ የተዋጊ አውሮፕላኖቹ ደግሞ አንድ ሰዓት። ሳምንቱ፣ ቀኑና ሰዓቱ እኩል እየተቆራረጡ ይቀርቡና መጨረሻው ላይ ይገናኛሉ። መጀመሪያ ላይ አጭር ጽሑፍ ይህንኑ ይናገራል። እኛ ጋ ግን በዚያች ሰዓት ወንበር እየተጎተተ ስለነበር ማንም አላነበበውም።

ዘዴው ከገባችሁ የሚያስደስቱ ቦታዎች አሉ። አንድ አውሮፕላን ባሕር ላይ ይወድቃል፤ ከላይ ያለው ጓደኛው ወደ ታች ሲመለከት የወደቀው አብራሪ እጁን ያወዛውዛል። ደህና ነኝ ያለው ይመስለዋል፤ ለእኛም መሰለን። ከብዙ ደቂቃ በኋላ ያንኑ ነገር ከባሕሩ ላይ ሆነን እናየዋለን፦ የመቀመጫው ክዳን አልከፈት ብሎት በሚሞላ ውኃ ውስጥ የሚታገል ሰው ነው። እዚህ ላይ ግቢው በሙሉ ጸጥ አለ። እኔም ባርኔጣዬን አንሥቻለሁ።

ድምፁ አይሰማም። የስፒከሬ ችግር ነው?

ስፒከርህ ጤነኛ ነው። ኖላን ሙዚቃውንና ፍንዳታውን ከንግግሩ በላይ ማድረግ ይወዳል፤ ዋናው አብራሪም አብዛኛውን ጊዜ አፉ በጭንብል ተሸፍኗል። ሙዚቃው ውስጥ የምትሰማው ቲክ ቲክ የሰዓት ድምፅ ነው። ሌላም ዘዴ አለ፦ ድምፁ ያለማቋረጥ ወደ ላይ እየወጣ የሚሄድ ይመስላል፤ ግን የትም አይደርስም። ለዚህ ነው ከፊልሙ በኋላ ደረቴን አፈነኝ ያሉ ሰዎች የነበሩት።

በአማርኛ ትርጉም የለውም ወይ ለምትሉ፣ ቢኖረው እንኳ ተርጓሚው የሚናገረው አያገኝም ነበር። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከሞላ ጎደል ያለ ንግግር ነው የሚያልፉት። ትርጉም ፊልም የለመደው የአጎቴ ልጅ «ይህ ሰውዬ ተኝቷል እንዴ?» ብሎ ተርጓሚውን ሲጠብቅ ነበር።

ታሪኩ እውነት ነው?

ክስተቱ እውነት፣ ሰዎቹ ፈጠራ ናቸው። አንድ የሚያሳስት ነገር አለ፦ ፊልሙን አይቶ የወጣ ሰው ጦሩን ያዳኑት ትንንሾቹ የሲቪል ጀልባዎች ይመስሉታል። ጀልባዎቹ ነበሩ፤ ድንቅም ሠርተዋል። ሆኖም ከሦስቱ ሁለት እጅ የሚሆነው ወታደር የወጣው ከአሸዋው ላይ ሳይሆን ከወደቡ ነው፤ ከዚያም የጫኑት በአብዛኛው ትልልቅ መርከቦች ነበሩ።

ይህ ታሪክ ከእኛ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ይህን የጠየቀኝ አንድ የባጃጅ ሾፌር ነው። እስከ ሳቢያን ድረስ ስመልስለት ሄድኩ፤ ወርጄም አልጨረስኩም።

እነዚያ ወታደሮች ጀልባ ሲጠብቁ ድሬዳዋና ሐረር ጣሊያን እጅ ከወደቁ አራት ዓመት አልፏቸው ነበር። ሐረር በመጋቢት 1928 በአውሮፕላን ተደብድባለች። አፄ ኃይለ ሥላሴ በሚያዝያ 1928 በዚሁ በእኛ ባቡር፣ በዚሁ በእኛ ጣቢያ አልፈው በጅቡቲ ወጡ። ፊልሙ መጨረሻ ላይ የዳኑት ልጆች እንግሊዝ ደርሰው ባቡር ውስጥ ጋዜጣ ሲያነብቡ ንጉሡ በዚያው አገር፣ ባዝ በምትባል ከተማ፣ በስደት ነበሩ። እንግሊዝ ያን ጊዜ ኢትዮጵያ የጣሊያን መሆኗን ተቀብላ ነበር። የደንከርኩ ሥራ ባበቃ በስድስተኛው ቀን፣ ሰኔ 3 ቀን 1932፣ ሙሶሊኒ በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት አወጀ። የእኛም ነገር የተለወጠው ያኔ ነው።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልመለስ። ዓመት ሳይሞላ፣ መጋቢት 17 ቀን 1933፣ በእንግሊዝ ባንዲራ ሥር ሐረር የገባው ጦር የናይጄሪያ ብርጌድ ነበር። ከጅጅጋ ወደ ሐረር የሚያመጣውን የማርዳን ተራራ መተላለፊያ ተዋግተው ያለፉት እነሱ ናቸው። ድሬዳዋ ከሦስት ቀን በኋላ ነጻ ወጣች። ስለዚህ የሐረርጌ ሰው «የእንግሊዝ ጦር» ሲባል በዐይነ ኅሊናው የሚመጣው አንድ መልክ ብቻ አይደለም። ደንከርክም ላይ ቢሆን የሕንድ ወታደሮች ነበሩ፤ በቅሎ እየጫኑ ስንቅና ጥይት የሚያመላልሱ። በፊልሙ ውስጥ አንዲት በቅሎ እንኳ ፈልጌ አጣሁ። የሐረር ጦር አካዳሚ ሲቋቋም የእኛን መኮንኖች ያሠለጠኑት ከሕንድ የመጡ መኮንኖች መሆናቸውን የሚያውቅ የሐረር ሰው ይህ ዝምታ ከሌላው ተመልካች ይልቅ ቢቆረቁረው አያስገርምም። ስም መንሣት አንድ ነገር ነው። ጭራሽ ከሥዕሉ ማውጣት ሌላ ነው።

መብራት ሲጠፋ የት ላይ ነበራችሁ?

ይህን ሁሉም ይጠይቃል፤ ግማሹ ከተማ በዚያች ሰዓት ጨለማ ውስጥ ስለነበረ።

ከሁሉም የከፋው ቦታ ላይ ነበርን። ወታደሮቹ አሸዋ ላይ በቆመ የዓሣ ጀልባ ሆድ ውስጥ ተደብቀው ማዕበል እስኪያነሣቸው ይጠብቃሉ። ከውጭ ጀርመኖች ጀልባውን ዒላማ ይለማመዱበታል፤ ጥይቱ በበሳው ቀዳዳ ውኃ ይገባል። ጀልባው ይከብዳል፤ አንድ ሰው መውረድ አለበት ይባላል። ከመካከላቸው አንድ ዝም የሚል ልጅ አለ፤ የማይናገረው ጀርመን ስለሆነ ነው ብለው ይይዙታል። ሲመረመር ፈረንሳዊ ነው። ለማምለጥ ሲል የሞተ እንግሊዛዊ ልብስ ለብሶ፣ ጊብሰን የሚል የአንገት መታወቂያ አጥልቋል። ይውረድ፣ አይውረድ እየተባለ ሳለ መብራቱ ሄደ።

አርባ ደቂቃ በጨለማ ተከራከርን። ገሚሱ ይውረድ አለ። ሻይ የምታፈላልን እህቴ ምጣድ በሚያህል ሰፌድ እያራገበችን «ያድንቃችሁ! እናንተ ብትሆኑ ቤተሰባችሁን ትጥሉ ነበር» ብላ ዘለፈችን። ሃምሳ አለቃ በመጨረሻ «ከሁሉም ስም ያለው ፈረንሳዩ ብቻ ነው፤ እሱም የሰው ስም ነው» አሉ። እውነቱን ለመናገር ከፊልሙ በሙሉ እኔ የማልረሳው ይህን አርባ ደቂቃ ነው።

መብራቱ መጣ፤ ጀልባው ሰመጠ፤ ልጁም ከውስጡ ሳይወጣ ቀረ። እውነተኛ ስሙ አልተነገረም።

ታዲያ ሐያስያኑ ተሳስተዋል ማለት ነው?

አላልኩም። እነሱ ያዩት ለትልቅ ስክሪን ተብሎ በተሠራ ፊልም፣ ወንበሩን በሚያንቀጠቅጥ ድምፅ ነው። እኛ ያየነው ነፋስ በሚያወዛውዘው አንሶላ ላይ ነው፤ የጦር መርከቡ አንዳንዴ ወገቡ ላይ ይታጠፍ ነበር። ወቀሳዬን ግማሹን አንሶላው ይካፈለው ብዬ ባለፈው ሳምንት ብቻዬን፣ በማዳመጫ፣ እንደገና አየሁት።

ጭንቀቱ እጥፍ ሆነ። አንድ ያመለጠኝ ነገርም አገኘሁ። ገና መጀመሪያ ላይ ዋናው ልጅ አሸዋው ላይ ሲደርስ ያ ዝምተኛ ልጅ አንድ ሬሳ በአሸዋ ሲቀብር ያገኘዋል፤ የሟቹ እግር እርቃኑን ነው። ልጁ የጫማውን ክር እያሰረ ነው። ሳይነጋገሩ አብረው ቀብረው ይጨርሳሉ። ያ ሬሳ እውነተኛው ጊብሰን ነው። በመጀመሪያው ምሽት ይህ ሲሆን ለውዝ ስናዳርስ ነበር። እንግዲህ ኖላን የማን ልጅ ነው የሚለውን ጥያቄ ፈጽሞ አልዘነጋውም፤ አንዴ አንሥቶታል፣ ያውም ጥሩ አድርጎ። ለዚያ ፈረንሳዊ ልጅ አንድ ደቂቃ ብቻ ቢሰጠው ኖሮ እኔም ዛሬ ይህን ባልጻፍኩ ነበር። አሁንም አልጣመኝም፤ አልጣመኝም የምለው ግን ዝቅ ባለ ድምፅ ነው።

ከልጆች ጋር ይታያል?

ደም ብዙ የለውም። ትንንሽ ልጆች ግን ይጨነቁበታል። ከልጆቹ ይልቅ ያላሰብኩት ሌላ ነገር ነበር። በሐምሌ 1998 መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ሰፈር ሲጠርግ ቤተሰብ ያጡ ሰዎች በመካከላችን አሉ። መርከቡ በሌሊት ተመትቶ ውኃው ክፍሉን ሲሞላ አንዲት ጎረቤታችን ተነሥታ ወጣች፤ ነጠላዋን እንኳ ረስታ። በማግስቱ ነጠላውን ይዤ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳት። ቤታችሁ ውስጥ የምታሳዩ ከሆነ አስቀድማችሁ ተናገሩ።

ሃምሳ አለቃ እስከ መጨረሻው አዩት?

አዩት። ነዳጅ የጨረሰው አውሮፕላን ያለ ድምፅ በአሸዋው ላይ ሲንሳፈፍ «ይኼ መልካም ነው» አሉ። ፊልሙ አልቆ የሠሩት ሰዎች ዝርዝር በጥቁሩ ላይ መውጣት ሲጀምር ሁሉም ወንበሩን ማንሣት ጀመረ። እሳቸው አልተነሡም። መነጽራቸውን አድርገው እስኪያልቅ አነበቡትና «ስሙ የመጣው አሁን ነው» አሉ።

ቀጣዩ ፊልም መቼ ነው?

ቅዳሜ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት፤ ከዚያ በፊት ሙቀቱ አያስቀምጥም። የጦርነት ፊልም አይደለም። ወንበር ይዛችሁ ኑ፤ ባለፈው ሁለት ተሰብሮብናል።